አራቱ ውሎች ጅግጅጋ ሲደርሱ



በዚህ ርእስ እንድናገር በተጠየቅሁ ማግስት መጀመሪያ ያደረግሁት መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን የስነ ልቦና መጻሕፍት መቁጠር ነው። በተለምዶ «ሳይኮሎጂ» የምንላቸውን ማለቴ ነው፤ ራስህን ሁን፣ ለራስህ ኑር፣ የሰው አፍ አትፍራ የሚሉትን። አሥራ አንድ ሆኑ። አምስቱ በሽቦ የተጠረዙ ፎቶ ኮፒዎች ናቸው። ሰባቱ ደግሞ የእኔ አይደሉም፤ ተውሼ ሳልመልስ የቀሩ ናቸው። የአንዱ የውስጥ ሽፋን ላይ የሦስት ሰዎች ስም በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል። የራስህን ሕይወት ኑር የሚለው መጽሐፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ኖሮ እኔ ቤት ተቀመጠ። ባለቤቶቹ እዚህ ካላችሁ ስንወጣ እንነጋገራለን።

ጅግጅጋ ለንግድ የተመቸች ናት ይባላል። ለመጽሐፍም እንዲሁ ናት። የአማርኛው በካራማራ በር በኩል ከሐረርና ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የዶክተር ኢዮብ ማሞ መጻሕፍት አሉ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምህረት ደበበ የጻፈው «የተቆለፈበት ቁልፍ» አለ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሱትም ብዙ ናቸው። የሶማሊኛው በምሥራቅ በኩል ነው የሚገባው። ቶጎ ውጫሌ ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከእሷ ማዶ ያለችው ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ስታዘጋጅ ቆይታለች። ዓረብኛው ከዑምራ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይመጣል። እንግሊዝኛው መንገድም ኬላም አያስፈልገው፤ በቴሌግራም ይወርዳል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ ከጎጃምም፣ ከወለጋም፣ ከወላይታም፣ ከጎዴም የመጡ ልጆችን አንድ ዶርም ውስጥ ያስተኛል። አንድ ዓይነት ምክር በአራት ቋንቋ አንድ ክፍል ውስጥ ቢገኝ አይገርመኝም።

በእነዚህ መጻሕፍት መሳቅ ቀላል ነው። እኛ መምህራን በተለይ እንስቃለን። እኔ ግን አልስቅም፤ ማን እንደሚያነባቸው አይቻለሁና። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የት እንደሚማር የወሰነለት ምደባ ነው፤ ምን እንደሚማር የወሰነው ውጤቱና አባቱ ናቸው። የሶማሌ ልጅ ከሆነ ደግሞ ገና ፊደል ሳይቆጥር አብቲርሲ አጥንቷል። አብቲርሲ ለማታውቁት፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ወደ ላይ እየተቆጠረ የሚሄድበት የዘር ሐረግ ነው፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ከዚያም በላይ የሚቆጥር ሕፃን አለ። «አንተ ማን ነህ?» ብትለው መልሱ በቃሉ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ቀን መጽሐፍ ይከፍትና፣ እነዚያን ስሞች ሁሉ ብናወጣቸው የሚቀረው አንተ ማን ነህ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ጥያቄው አእምሮ ያናውጻል። ጥሩ ጥያቄም ነው። የማነጋግራችሁ ስለ መልሱ ነው።

እስቲ ወደ ምንጩ ልውሰዳችሁ። «ራስን መርዳት» የሚለውን ነገር ለዓለም ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ወደ ጃፓንኛ በ1871 ተተረጎመ። ያዕቁብ ሰሩፍ በ1880 ቤይሩት ላይ «የስኬት ምስጢር» በሚል ርእስ ወደ ዓረብኛ መለሰው፤ ስለዚህ የዓረቡ ዓለም ይህን ዓይነት መጽሐፍ ማንበብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ስማይልስ ራሱ በመግቢያው ላይ የሚያወራው ነገር ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ሁለት ሦስት ድሃ ወጣቶች በክረምት ምሽት እየተገናኙ የሚያውቁትን ሊለዋወጡ ይስማማሉ። አንዱ ማንበብ ያውቃል፣ ሌላው ሒሳብ። ቁጥራቸው ሲበዛ ቤት አጡ፤ ቀደም ሲል የኮሌራ በሽተኞች ማቆያ የነበረ፣ ሰው የሚሸሸው ክፍል ተከራዩ። መቶ ያህል ሆኑ። ከዚያ ስማይልስን መጥተህ ንገረን አሉት። መጽሐፉ የተወለደው ከዚያ ንግግር ነው።

ያም ማለት፣ «ራስህን እርዳ» የሚለው መጽሐፍ የተጻፈው እርስ በርሳቸው ይረዳዱ ለነበሩ ሰዎች ነበር። ክፍሉ ተረሳ፣ ኪራዩን አብረው መክፈላቸው ተረሳ፤ ብቻውን የተሳካለት ሰው ቀረ። መጻሕፍቱ ዛሬም ድረስ ያቺን ክፍል ሲፈልጉ የሚኖሩ ይመስለኛል።

እኛም ጋ ምክር አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን በ1910 ዓ.ም. አሳትመዋል። ርእሱን እዩት፤ ምክሩ የልጁ ነው፣ መታሰቢያው ግን የአባትዬው። ዓረብኛ አንባቢዎቻችን ደግሞ የግብፃዊውን ዓሊም የሸይኽ ሙሐመድ አል ገዛሊን «ሕይወትህን አድስ» ያውቁት ይሆናል። ሸይኹ የአሜሪካዊውን የዴል ካርኔጊን መጽሐፍ፣ ጭንቀትን ስለ መተው የሚለውን እ.ኤ.አ. የ1948ቱን፣ አንብበው አልተቆጡም፤ አልገለበጡትምም። ምዕራፉን ይዘው ቁጭ አሉና፣ ይህ ሰው በልምድ የደረሰበትን የእኛ ሃይማኖት እንዲህ ይለዋል እያሉ ጎን ለጎን ጻፉ። ስለ አነባበብ ከጠየቃችሁኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። በዚህ ዘመን ስለ ግል ነፃነት ከተጻፉት መጻሕፍት በጣም ከተነበቡት አንዱ የሜክሲኮው ተወላጅ የዶን ሚጌል ሩዪዝ «አራቱ ውሎች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ሰውየው በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ልጅ ሳለን ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ሃይማኖት፣ እኛ ሳንመርጥ፣ ብዙ ውል አስገብተውናል፤ ቆንጆ አይደለሁም፣ አልችልም፣ እንዲህ ካላደረግሁ አይወዱኝም የሚሉ ውሎች። ነፃነት እነዚያን ማፍረስና በአራት አዲስ ውሎች መተካት ነው። ቃልህን ጠብቅ፤ ሰው ያለውን ሁሉ በራስህ ላይ አትውሰድ፤ በግምት አትፍረድ፤ ሁልጊዜ የምትችለውን ያህል አድርግ። ክፋት የለበትም። በተለይ ሦስተኛው ለዚህ ከተማ የሻይ ቤት ክርክር ታዝዞ የመጣ ይመስላል።

የያዘኝ ግን «ውል» የምትለው ቃል ናት። ከዚህ እስከ አውበሬ፣ እስከ ቀብሪ በያህ፣ ውልን የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ሔር ይባላል። ብሪታኒያዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አይ. ኤም. ሊዊስ በ1950ዎቹ እዚሁ ማዶ በሶማሊላንድ አርብቶ አደሮች መካከል ኖሮ «የአርብቶ አደር ዴሞክራሲ» የተሰኘ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመ። ያየው ነገር ይህ ነው፦ ሶማሌን የሚያስተሳስረው ደም ብቻ አይደለም። ደም ይኖርና፣ በላዩ ላይ ደግሞ አፍ አውጥቶ የተነገረ፣ በሺር፣ ዛፍ ሥር በሚቀመጥ ሸንጎ፣ የተስማሙበት ውል አለ። ማን ከማን ጋር ማግ፣ የደም ካሳ፣ እንደሚከፍል፣ ጉዳት ሲደርስ ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይነገራል። በልማዱ የወንድ ነፍስ መቶ ግመል ነው፤ ያን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፣ ቡድኑ ይከፍላል። ሁኔታው ሲለወጥ ውሉን ያድሱታል፣ ይለያዩና ከሌላ ጋር ይገባሉ። እንግሊዞች ውሎቹን እያስጻፉ በአውራጃ ጽሕፈት ቤት ያስቀምጧቸው ነበር።

እንግዲህ ሁለት ውል ሆነ። በመጽሐፉ ውስጥ ውል ሰንሰለት ነው። በዛፉ ሥር ውል መቆሚያ ነው። አርብቶ አደሩ በሌሊት ብቻውን ግመሉን እየነዳ አገር የሚያቋርጠው፣ የሚነካው ሰው መቶ ሰው እንደሚነካ ስለሚታወቅ ነው። አሳሹ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲያልፍ እነዚህን ሰዎች ለማንም የማይንበረከኩ ሆነው አገኛቸው። በነፃነታቸው ተገረመ፣ ተማረረም። ያ ነፃነት ግን የብቸኛ ሰው ነፃነት አልነበረም።

ቃላቱም ይህንኑ ይናገራሉ። በሶማሊኛ ለነፃነት ሁለት ቃል አለ። አንዱ ሖሪያድ ነው፣ ከዓረብኛ የተወሰደ፤ የአማርኛው አርነትና የትግርኛው ሓርነት ዘመዶቹ ናቸው፣ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ጎባኒሞ ነው። ጎብ ማለት የተከበረ፣ ቸር፣ እንግዳ የማያሳፍር ሰው ነው፤ ጎባኒሞ ደግሞ ነፃነት። ከዚህ ጋር ጨዋ የሚለውን አማርኛ አስተያዩት። ጨዋ በድሮው አነጋገር ባሪያ ያልሆነ ሰው ነው፤ በዛሬው ደግሞ ሥርዓት ያለው። በሁለቱም ቋንቋ ነፃው ሰው የሚታወቀው ሌላውን በሚይዝበት አያያዝ ነው። በሽፋናቸው ላይ ተራራ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ያለባቸው መጻሕፍት ይህን አያውቁም። በነገራችን ላይ ያ ሰው ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሚቆመው።

ይሉኝታን ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። የአማርኛዎቹ መጻሕፍት ዋና ጠላት ነው። ቃሉን ብንፈታው «ይሉኛል» ነው፤ እነሱ፣ እኔን፣ ይሉኛል። ማን እንደሚል አይነገርም። ሶማሌው ዔብ ይላል፣ ነውር ማለት ነው፤ ያም ቢሆን የሚታየው በሰው ዓይን ነው። መጻሕፍቱ አውጥተህ ጣለው ይሉናል። እኔ የምለው፣ ከመጣልህ በፊት ባለቤቱን ፈልግ። «እነሱ» እነማን ናቸው? ስም ያለው ሰው ከሆነ፣ አጎትህ፣ አበዳሪህ፣ የሠርግህ ቀን ድንኳን የተከለልህ ጎረቤት ከሆነ፣ ያ ይሉኝታ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ይከፈላል ወይም ይደራደሩበታል። ፈልገህ ፈልገህ ስም ካጣህለት፣ እንግዲያውስ መጽሐፉ ልክ ነው፤ ጣለው።

እዚህ ላይ ስለ ታህሪብ፣ ስለ ድብቁ ስደት፣ ልናገር፤ አውቃለሁ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቁስሉ ያልደረቀ አለ። ታህሪብ የሚሄድ ወጣት አይናገርም። ማታ እራት በልቶ ጧት የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ከሐርጌሳ ቢነሣም ከጅግጅጋ፣ አዲስ አበባን፣ ሱዳንን አልፎ ሊቢያ ይገባል። ብዙ ጊዜ በመነሻው ገንዘብ አይጠየቅም፤ ዱቤ ነው። ሊቢያ ሲደርስ ግን ማጋፌ የሚሉት፣ «የማይስት» ማለት ነው፣ ስልክ ያስደውላል፤ የልጁን ጩኸት እያሰማ ለአባቱ ዋጋ ይነግራል። ያን ጊዜ ቃራን ይጀመራል። መዋጮ ነው። ግመል ይሸጣል፣ ቦታ ይሸጣል፣ ሚኒሶታ ያለችው አክስት ትልካለች፣ አንድ ጎጆ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ይራገፋል።

መጽሐፍ ነው የላከው አልልም። ሥራ ማጣት ነው የላከው፤ ጎረቤቱ ከጀርመን የለጠፈው ፎቶም ነው። ግን ልጁ በልቡ የያዘው ሐሳብና መጽሐፉ የሚለው ሐሳብ መንትያ ናቸው፦ ሕይወቱ የእኔ ነው፣ ውሳኔውም የእኔ ነው፣ ማንንም አላስፈቅድም። ሒሳቡ ሲመጣ የተከፈለው ግን ከማን ኪስ ነው? ብቻውን የወሰነው ውሳኔ የመቶ ሰው ዕዳ ሆነ። ሔር እዚያ ላይ ሠራ፤ እሱ ሳይጠይቀው የሄደው ያው ሔር። አንድ የማውቃቸው አባት ልጃቸው በሕይወት ተመልሶ ገና ሳይቀመጥ የጠየቁት ይህን ብቻ ነው፦ «እኔን ብትነግረኝ ኖሮ እከለክልህ ነበር። ግን ብትነግረኝ ምን ነበር?» ልጁ አልመለሰም። ልከኛ መልስ ያለውም አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ልናገር፣ አለበለዚያ ለሽማግሎች ጠበቃ የቆምኩ ይመስላል። ነፃነት በአእምሮህ ውስጥ ነው፣ እስር ቤቱንም አንተው ነህ የሠራኸው የሚል ምክር በየመጽሐፉ አለ። በዚህ ከተማ ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ይከብዳል። ጄይል ኦጋዴን እዚህ ነበር፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ባወጣው ሪፖርት በውስጡ ስለተፈጸመው ማሰቃየት የቀድሞ እስረኞችን ቃል ጽፏል፤ እስር ቤቱ የተዘጋው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ የወጣን ሰው እስር ቤትህን የሠራኸው አንተ ነህ የምትለው በምን አፍህ ነው? ወደ ምሥራቅ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ሐርታሼክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ ስትደበደብ የሸሸው ሕዝብ ሰፍሮባት በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዷ ሆና ነበር፤ እስከ 2004 ቆየች። የማይጠቅምህን ሁሉ ተው የሚል ምክር፣ ሁሉን ትቶ ለመጣ ሰው ምኑ ነው?

አንድ ሰው ብቻ ይህን የመናገር መብት ያለው ይመስለኛል፦ ቪክቶር ፍራንክል። የቪየና ሐኪም ነበር፤ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ ወጣና፣ በዘጠኝ ቀን አስጽፎ እ.ኤ.አ. በ1946 መጽሐፉን አሳተመ። እሱም ቢሆን ግድግዳው የለም አላለም። ግድግዳው እያለ ምን ሊቀርልህ ይችላል ብሎ ነው የጠየቀው። በእስር ላይ ሆኖ ያሰበውም ስለ ራሱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ሚስቱ ነበር፣ ሊጨርሰው ስለሚገባው ሥራ ነበር። ከአሥራ አንዱ መጻሕፍት ለሰው ስጥ ብትሉኝ የምሰጠው እሱን ነው። ለነገሩ እሱም ከተዋስኳቸው አንዱ ነው።

ሌላም መጽሐፍ አለ፤ ሟቾችን ስታስታምም የኖረች አውስትራሊያዊት፣ ብሮኒ ዌር የጻፈችው። በአልጋ ላይ ያሉ ሰዎች የሚቆጩባቸውን አምስት ነገሮች ቆጠረች። የመጀመሪያው፣ ሰዎች የሚጠብቁብኝን ሳይሆን የራሴን ኑሮ ለመኖር ደፍሬ ቢሆን የሚል ነው። ይህን ሁሉም ይጠቅሳል። አራተኛውን፣ ከወዳጆቼ ጋር ሳልጠፋፋ ቢሆን የሚለውን፣ የሚጠቅስ አላገኘሁም። ሶማሌ ደግሞ ዳርዳራን አለው፤ ሊሞት የተቃረበ አባት ለልጆቹ የሚናገረው፣ እኛ ኑዛዜ የምንለው። ዳርዳራን ላይ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። ሰውየው ስለ ራሱ ብዙም አያወራም። የእገሌ ይህን ያህል አለብኝ፣ እገሌ ያን ያህል አለበት፣ ታናሽየዋን አስተምሯት፣ አትለያዩ ይላል። ሁለቱን ሞቶች ሳስተያይ የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ዕዳውን አስተካክሎ ተናዝዞ፣ የራሱን አንድ ነገር ሳይናገር የሄደም አባት ነበረኝ።

ይህን ንግግር እስከዚህ ድረስ ጽፌ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አስነበብኳት፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ከቶጎ ውጫሌ። ሔርን ያነሣሁበት ላይ እርሳሷን አቆመች። «ውሉን የተዋዋሉት ሽማግሎች ናቸው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «በዛፉ ሥር።» «አዎ።» «እኔ የት ነበርኩ?»

የወንድ ማግ መቶ ግመል ነው ብለህ ጽፈሃል፣ የሴቷን ለምን አልጻፍክም አለችኝ። አውቀዋለሁ፤ በልማዱ ሃምሳ ነው። ያልጻፍኩት ስለሚያበላሽብኝ ነው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና «አራቱ ውሎች»ን አወጣች፤ የእሷም ፎቶ ኮፒ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። አባቷ ሊድሯት ባሰቡበት ዓመት ነው ያነበበችው። ልጅ ሳለሁ፣ ሳልጠየቅ የገባሁበት ውል አለ የሚለውን ገጽ ባነበበች ጊዜ፣ ስለ ሜክሲኮ የተጻፈ አልመሰላትም። ከዚያ ያደረገችው መጥፋት አይደለም። ኤዶዋን፣ የአባቷን እኅት፣ ይዛ ሄደች፤ ኤዶዋ ሽማግሎቹን ይዘው መጡ። ሦስት ወር ፈጀ። ትምህርቷን ጨረሰች።

እኔ ይህን ታሪክ ለንግግሬ መደገፊያ ላደርገው ነበር። ውል ይታደሳል፣ ይኸውላችሁ ልል። እሷ ግን አልተስማማችም፤ ኤዶ የሌላትስ ትላለች። ተከራክረን አልጨረስንም። ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ማይክራፎኑን ለእሷ ልስጥና እኔ ከእናንተ ጋር ልቀመጥ።